ስለ ወንዝ ዳርና ስለ ኅብረት ገንዘብ

ወንዝ የሰውን መሬት የሚወስደው እንደ ወራሪ ጠላት ነጋሪት እያስመታ አይደለም። በበጋ ቀጥኖ፣ ሕፃን እንኳ ዘሎ የሚሻገረው ሆኖ ይታያል፤ በክረምት ግን ሞልቶ ይመጣና የዳሩን እግር ከሥር ከሥሩ ይቦረቡረዋል። ሰዎችም ጐርፉ ሞልቶ ሲያገሣ ይፈራሉ፤ ሲጐድል ደግሞ እግዚአብሔርን አመስግነው ይተኛሉ። ነገር ግን ዳሩ ብዙ ጊዜ የሚናደው ውኃው በሞላበት ሰዓት ሳይሆን ከጐደለ በኋላ ነው። ይህም የሚሆንበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ ውኃው ሞልቶ ሳለ ክብደቱ ዳሩን ተጭኖ ይደግፈዋል፤ በጐደለ ጊዜ ድጋፉ ይሄዳል፤ አፈሩ ግን ውኃ ጠጥቶ እንደ ከበደ፣ እግሩም እንደ ተበላ ይቀራል። ስለዚህ ዝናቡ ባባራበት ጸጥ ባለ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ በተዘናጋበት ሰዓት፣ ባንድ ጊዜ ይወርዳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለው ይህን የመሰለው ነው።

በቀራንዮ የሚኖር ሰው ይህን የሚማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጓሮው ነው። ከሰፈራችን ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ የወጨጫ ተራራ ይታያል፤ በተራራውና በከተማው መካከል ካለው ከፍተኛ ቦታ የሚወርዱት ጅረቶች መድረሻቸው ትንሹ አቃቂ ነው። ትንሹ አቃቂ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽም ወደ ቆቃ ይሄዳል። እንግዲህ ከአንዲት ሴት ጓሮ የተናደ አፈር በዚያው ጠፍቶ አይቀርም፤ አባ ሳሙኤልንና ቆቃን ከሞላው ደለል ጋር ይቀላቀላል። በ1952 ዓ/ም ለኤሌክትሪክ ኃይል ተብሎ የተሠራው የቆቃ ግድብ በየዓመቱ የሚቀበለው ጭቃ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ከሚከፈሉት ድርሻዎች አንዱ የእኛ ነው።

አፈሩ በብዙ ቦታ መረሬ ነው። በበጋ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ወደ ውስጥ ይጠልቃል፤ ከዚያም አፈሩ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል። ይህ ከጥንት የነበረ ጠባዩ ነው። በእኛ ዘመን የተጨመረው ግን ቆርቆሮና አስፋልት ነው። ቀድሞ ሣርና እርሻ፣ ባሕር ዛፍም የነበረበት ቦታ ሁሉ ቤት ሆነ። የቀድሞ ተማሪዎቼን አስላቸው እንደ ነበረው እዚህም ላስላው፤ ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 2000 ሊትር ውኃ፣ ማለት 10 በርሜል ይሆናል። እንዲህ ያሉ 1000 ቤቶች ቢኖሩ 10000 በርሜል ውኃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደዚያች ቀጭን ጅረት ይለቀቃል። ሣሩ ይጠጣው የነበረውን ውኃ ቆርቆሮ አይጠጣውም። ከታች ዳሩ የተናደበት ሰውና ከላይ አሸንዳውን ወደ መንገድ ያዞረው ሰው ምናልባት ተያይተው አያውቁም፤ ሆኖም ባለዕዳና ባለገንዘብ ናቸው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መጽሐፈ ነህምያን ደጋግመን እንድናነብ እንታዘዝ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር በፈረሰ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው በቤቱ አንጻር ያለውን እየጠገነ ቅጥሩ ሁሉ እንደ ተፈጸመ በዚያ ተጽፏል። አስተማሪያችን ይህን የኅብረት ሥራ ዋና ምሳሌ አድርጎ ያስተምረን ነበር፤ እውነትም ለቅጥር የሚስማማ ምሳሌ ነው። ለወንዝ ዳር ግን አይስማማም። ቅጥር ቆሞ ይኖራል፤ ወንዝ ግን ይሄዳል፤ ከአንዱ ደጃፍ ያባረሩት ውኃ የሌላውን ደጃፍ ይመታል። በሰፈራችን አንድ ባለጸጋ ሰው በራሱ ገንዘብ ከግቢው በታች ጠንካራ የድንጋይ ግንብ አሠራ። ግንቡ ወደ ወንዙ ጥቂት ገፋ ብሎ ስለ ተሠራ መተላለፊያው ጠበበ፤ ውኃውም በፍጥነት ከግንቡ ተጋጭቶ ማዶ ያለውን ለስላሳ ዳር ይቆርጥ ጀመር። ማዶ ያሉት ሰዎች ግንብ የሚሠሩበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የገዛ ቤቱን ነው የጠበቀ። ነገር ግን እያንዳንዱ በቤቱ አንጻር ብቻ የሚሠራበት ወንዝ በመጨረሻ የድኻውን ቤት ነው የሚወስደው። ደግሞም ግንቡ በሁለት ጫፉ ከጠንካራ መሬት ጋር ስላልተያያዘ፣ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ውኃው በጐኑ ዞሮ ከኋላው ገባበት።

ስለዚህ ነገሩ ወደ ዕድር መጣ። ዕድር ለቀብር የተቋቋመ ማኅበር መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ በየወሩ የሚዋጣውም ገንዘብ ለዚሁ ነው። በስብሰባው ላይ የወንዙ ነገር በተነሣ ጊዜ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ይህ የሟች ገንዘብ ነው። እኛ ጠባቂዎቹ ነን እንጂ ባለቤቶቹ አይደለንም። ለውኃ የምንበትነው ምን ሥልጣን ኖሮን ነው?» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ። ነገሩ ቀላል ተቃውሞ አልነበረም፤ ለአንድ ጉዳይ የተሰበሰበን አደራ ለሌላ ጉዳይ ማዋል፣ ምንም ጉዳዩ መልካም ቢሆን፣ የማኅበርን ሁሉ መሠረት የሚያናጋ ነው። በዚህ ጊዜ ቤታቸው ከወንዙ መታጠፊያ ላይ የሆነ አንዲት ባልቴት ከሴቶቹ መካከል ሆነው፣ «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን እኔ በሞትሁ ጊዜ ድንኳኑን የት ሊተክሉት ነው? ግቢዬ እኮ ሄዷል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ፤ ከሣቁም በኋላ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

የተገኘው መፍትሔ የሽማግሌውንም እውነት፣ የባልቴቲቱንም እውነት የጠበቀ ነበር። የቀብሩ ገንዘብ እንዳይነካ ተወሰነ፤ ለወንዙ ሌላ መዝገብ፣ ሌላ የባንክ ሒሳብ፣ ሦስት ፈራሚዎችም ተደረጉ፤ ከሦስቱ አንዲቷ ሴት እንድትሆን፣ አንዱም ከማዶ ሰፈር እንዲሆን ተባለ። ሒሳቡ እንደ ዕድሩ ልማድ በየወሩ በጉባኤ ፊት በድምፅ ይነበባል። እኔ ከዚህ የተሻለ የቁጥጥር ዘዴ አላየሁም። ማንበብ የማይችለው እንኳ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደ ተገዛ በጆሮው ሰምቶ፣ ወርዶ በዓይኑ ሊቆጥር ይችላል።

በሕዝባችን ዘንድ ለሞተ መስጠት ለሚሞት ከመስጠት ይልቅ እንደሚቀል ብዙ ጊዜ አስባለሁ። በ2009 ዓ/ም መጋቢት 2 ቀን በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ቦታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ሰሞን ያልመጣ ሰው፣ ያልተሰበሰበ እርዳታ አልነበረም፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታወጀ። ክምሩ ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲከመር የኖረ፣ ከሥሩም ድኾች መኖራቸው በይፋ የሚታይ ነበር። በድሬዳዋም በ1998 ዓ/ም ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ፤ የመከላከያው ግንብ በወንዙ ዳር የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። በአዲስ አበባም በ2013 ዓ/ም ነሐሴ ወር በጣለው ዝናብ ጐርፍ ሰባት ሰዎችን ገደለ። ልባችን ቸር ነው፤ ቸርነታችን ግን የሚነሣው ልቅሶ ሲሰማ ነው። ዳር የሚያጠነክር ሰው ከልቅሶው በፊት ሄዶ መለመን አለበት፤ ገና ያልሞተን ሰው ፎቶግራፍ አሳይቶ ገንዘብ መሰብሰብ ደግሞ አይቻልም።

መዋጮው እንዴት ይደልደል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ አከራከረን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት በስብሰባው ላይ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት አላስታውስም። መልካም ተረት ነው፤ ነገር ግን አንዲቷን ሎሚ የሚይዝበት እጅ ያጣው ሰው ምን ያድርግ? አንዳንዶች ሁሉ እኩል ይክፈል አሉ፤ ሌሎች ለወንዙ የቀረበ ብዙ፣ የራቀ ጥቂት ይክፈል አሉ። ለወንዙ የቀረቡት ግን ከሁሉ ድኾች የሆኑት ናቸው፤ ድኻ ገደል አፋፍ የሚሰፍረው ወድዶ አይደለም። በመጨረሻ አንድ ጡረተኛ አናጢ፣ «በቆርቆሮው ልክ ይሁን» አሉ። ሰፊ ጣራ ያለው ብዙ ውኃ ይሰዳል፤ ብዙ ውኃ የሚሰድ ብዙ ይክፈል ማለታቸው ነበር። ከላይ የሚኖር አንድ ባለፎቅ ተቆጥቶ፣ «ወንዙ እኔ ዘንድ አይደርስም» ቢላቸው፣ «ልክ ነዎት፣ ጌታዬ፤ እርስዎ ግን ወንዙ ዘንድ ይደርሳሉ» ብለው መለሱለት። በብዙ የመሥሪያ ቤት ጥናት ውስጥ ከዚህ አናጢ አሳብ የበለጠ ፍርድ አላገኘሁም። ባለፎቁም፣ ልንገርላት፣ በሚቀጥለው ወር ድርሻውን ከፈለ፤ ዝናቡን የሚያጠራቅም ትልቅ ጋንም ከአሸንዳው ሥር አቆመ።

ጉልበትን በሚመለከት ግን ከብዙዎቹ ጋር አልተስማማሁም። ደቦና ጅጊ የአባቶቻችን መልካም ሥርዓት ነው እየተባለ ለእሑድ ሥራ ሁሉም እንዲወጣ ተጠየቀ። በገጠር ደቦ ሲጠራ የጠራው ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፤ ነገም በተራው ለጐረቤቱ ይወጣል። በከተማ ግን ባለገንዘቡ በቅጣት ስም ጥቂት ብር ከፍሎ ይቀራል፤ የቀን ሠራተኛው ግን የልጆቹን እንጀራ ትቶ ድንጋይ ይሸከማል። ይህ ደቦ ሳይሆን በደቦ ስም የተጣለ ግብር ነው። ስለዚህ ሥራ ለሌለው የሰፈር ልጅ ደመወዝ ተከፍሎት እንዲሠራ አሳብ አቀረብሁ። መንግሥትም በ2009 ዓ/ም የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን ሲጀምር፣ ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ ከራሱ 150 ሚሊዮን ዶላር መድቦ በአዲስ አበባና በሌሎች ዐሥር ከተሞች ድኾችን ለሕዝብ ሥራ እየከፈለ ሲያሠራ፣ በመሠረቱ በዚህ አሳብ ነው የሄደው።

አሁን ደግሞ ሰው ብዙም ልብ ወደማይለው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም ስለ በጀት ዓመት ነው። የአገራችን በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። ይህ ለመዝገብ ቤት የተመቸ ይሆናል፤ ለወንዝ ግን ከዚህ የከፋ ቀን መቁጠሪያ ሊገኝ አይችልም። ገንዘቡ ሲፈቀድ ወንዙ ሞልቷል፤ መስከረም ላይ ዕቅድ ይጻፋል፤ ጥቅምትና ኅዳር በደብዳቤ ያልፋሉ፤ ጨረታ ይወጣል፣ ይሰረዛል፣ እንደ ገና ይወጣል። መሠረት ለመቈፈር የሚያመቹት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራት ሳይሠራባቸው ያልፋሉ። ግንቦት ሲመጣ «ገንዘቡ ካልወጣ ተመላሽ ይሆናል» የሚል ጭንቀት ይነሣል፤ ሥራውም በሰኔ ጭቃ ውስጥ ይጀመራል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት እንዲሁ አደረገን። የጋቢዮን ሽቦው ሰኔ ሊጋመስ ሲል መጣ፤ ድንጋዩም ውኃ በቋጠረ ጕድጓድ ላይ በጥድፊያ ተደረደረ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ርክክብ ተፈረመ። በነሐሴ መጨረሻ የፊተኛው ረድፍ ወደ ወንዙ ጐንበስ አለ። ሽቦው መልካም ነበር፤ ድንጋዩም መልካም ነበር፤ የተበላሸው ወሩ ነው።

ዕድሩ በጥር ሥራ ሊጀምር የቻለው ገንዘቡ የራሱ ስለ ሆነ ነው። ጥቂት ገንዘብ በጥር ከብዙ ገንዘብ በሰኔ ይበልጣል። ውኃው በጠፋበት ወቅት የዳሩ እግር ከወንዙ ወለል በታች ድረስ ተቈፍሮ ትልልቅ ድንጋይ ገባበት፤ ጋቢዮኑ በዚያ ላይ ቆመ፤ ከላይ ያለው ዳገት ደግሞ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከመቆም ይልቅ ተጋድሞ እንዲተኛ ተቈረጠ፤ ቬቲቨር ሣርና ቀርከሃም ተተከለበት። ቬቲቨር ወደ አገራችን የገባው በ1960ዎቹ በጅማ የእርሻ ምርምር በኩል ነው፤ ሥሩ ወደ ጐን ሳይሆን ወደ ታች ብዙ ክንድ ይወርዳል፤ ዋጋውም ከሲሚንቶ ጋር አይነጻጸርም። ጐርፉ በሚመታው እግር ላይ ግን ሣር ብቻውን አይበቃም፤ ይበቃል ብለው የሚሰብኩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ገንዘብን ለሕዝቡ ለራሱ መስጠት ያስፈራል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ሁለት ምስክር አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ በ1970ዎቹ ዓመታት በሰሜንና በወሎ ተራሮች ላይ የተሠራው እርከን ነው። ከዓለም የምግብ ፕሮግራም በመጣ ስንዴና ዘይት ሕዝቡ እየተከፈለው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን ሠራ፤ ዛፍም ተከለ። በ1983 ዓ/ም መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ግን ከዚያ ውስጥ ብዙውን ያፈረሰውና የቈረጠው ራሱ የሠራው ሕዝብ ነው። ድንጋዩ የት እንደሚቆም የወሰነው ሌላ ነበርና፣ እርከኑ የመንግሥት እንጂ የእርሱ አልመሰለውም። ሁለተኛው ምስክር የአማራ ክልል የገጠር ውኃ ሥራ ነው። የፊንላንድ መንግሥት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚያ ክልል የመጠጥ ውኃ ሥራን ሲረዳ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ደፋር ነገር አደረገ፤ ገንዘቡ በመሥሪያ ቤት በኩል መሄዱ ቀርቶ፣ አብቁተ በሚባለው፣ ኋላ ፀደይ ባንክ በሆነው የብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ መንደሩ ለመረጠው ኮሚቴ እንዲከፈል ሆነ። ግንበኛውን የሚቀጥረው፣ ሲሚንቶውን የሚገዛው ኮሚቴው ነው። ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ከመንደሩ ይመጣል፤ ለወደፊት ጥገናም አስቀድሞ ገንዘብ ይቆጠባል። ገበሬዎቹ ገንዘቡን በልተው ይጠፋሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው ፈጠነ፣ የውኃ ጕድጓዶቹም ሳይበላሹ ቆዩ፤ አሠራሩም ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ። አንባቢዬ ሆይ፣ በጥንቃቄ ልብ በል፤ እነዚህ ገበሬዎች ከሌላው የተለየ ደግነት አልነበራቸውም። ሌላው ቢሰርቅ የሚያየው ሩቅ ያለ ኦዲተር ነው፤ እነርሱ ቢሰርቁ ግን ጐረቤት በማግሥቱ ያያል።

ታላላቅ ገንዘብ መኖሩን አልክድም። በ2011 ዓ/ም ሸገርን የማስዋብ ሥራ ሲታወጅ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር በ29 ቢሊዮን ብር እንዲለማ ታቅዶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 11 ቀን ገበታ ለሸገር በተባለው ግብዣ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ብዙ ቆሻሻ ወንዝ ከዚያ ወዲህ መልኩን ለውጧል፤ ይህን ያየ ሰው ማመስገን ይገባዋል። ሆኖም ስለ ወንዝ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዋናው ወንዝ የሚሞላው ከላይ ባሉት ስም በሌላቸው ጅረቶች ነው። ስም የሌለው ጅረት ገበታ አይዘረጋለትም። የአንዱን ወንበር ዋጋ ከፋፍለው ቢሰጡት ስንት የሰፈር ዳር ይጠነክር ነበር እያልሁ በልቤ ማካፈሌ አልቀረም፤ የአስተማሪ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ሳይፈታ የቀረ አንድ ነገር አለ። በ1967 ዓ/ም የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በወንዝ ዳር ያሉት ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ለዳሩ ገንዘብ ቢያወጣ ነገ ተነሥ ሊባል ይችላል፤ አከራዩ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከሚቀበለው ጥቂት ኪራይ ለግንብ የሚሆን አይተርፈውም። ስለዚህ ባለቤት ያለው ዳር ሲጠነክር፣ ባለቤቱ ሁሉም ሰው የሆነው ዳር ይናዳል። የባልቴቲቱ ቤት እንዲህ ያለ ነው። አንዳንዶቹ፣ ነገ በልማት ምክንያት ለሚፈርስ ቤት ገንዘባችንን ለምን እንጥላለን ብለው ነበር። አናጢው ግን፣ «ውኃው ካርታ አይጠይቅም፤ እርሳቸው ዘንድ ከገባ ቀጥሎ የሚገባው ካርታ ያላችሁት ዘንድ ነው» ስላሉ፣ የጋቢዮኑ ረድፍ ሳይቋረጥ በእርሳቸውም ጓሮ በኩል አለፈ።

አሁን በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ሦስቱ ፈራሚዎችና የሚፈልግ ሁሉ ከድልድዩ እስከ መታጠፊያው ዳሩን በእግራቸው ይሄዳሉ። የተበጠሰ ሽቦ ይጻፋል፤ ውኃ የበላው የግንቡ እግር በዘንግ ይለካል፤ ቆሻሻ የጣለበት ሰው ስሙ ይጠራል። ወጪው በጥቅምት ስብሰባ ይነበባል። ለቀበሌ ቤቶቹ ድርሻ እንዲከፈል ለአከራዩ መሥሪያ ቤት የጻፍነው ደብዳቤ፣ ሁለተኛው ማሳሰቢያ ከገባ በኋላም፣ መልስ አላገኘም፤ ሦስተኛውን አርቅቄ ለፈራሚዎቹ ሰጥቻለሁ።